ከጋፋት እስከ ክላውድ፦ መሣሪያ ሠሪው ምን ያውቃል?

ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የብረት ሥራ ሰፈር ነበረች። እዚያ ከከተሙት አውሮፓውያን አብዛኞቹ ባዝል ከተማ አቅራቢያ ካለው የሳንክት ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ። የተላኩትም ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር እንዲያስተምሩ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ወደዱት። ቆይቶ መድፍ አቅልጡ የሚል ትእዛዝ መጣ። አልተማርነውም ማለት አላዋጣም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ ደግማችሁ ሞክሩ ተባሉ፤ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻም ተሳካላቸው።

ከእነዚህ መድፎች ትልቁ ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገዱ ፊት ፊቱ እየተቆረጠለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው ከግማሽ ዓመት ያህል በኋላ ነው። ከእንግሊዞች ጋር የተደረገውን ጦርነት ውጤት ግን አልለወጠም። ከጋፋት ሰዎች መካከል በተለይ ቴዎፍል ቫልድማየር የተባለውን ስዊዘርላንዳዊ ማስታወስ ያስፈልጋል። የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ ነበር። ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደ፤ በብሩማና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ጦር መሣሪያ ማንሣትን የሚያወግዙትን የኩዌከሮችን ማኅበር ተቀላቀለ፤ በእርጅናው ደግሞ በቤይሩት አቅራቢያ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ይህን ጉዞ ከጋፋት ምድጃ ጋር ማያያዝ ወይም አለማያያዝ የአንባቢ ፈንታ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመኝ ሌላ ነገር ነው። ጋፋት ላይ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚሠራ፣ ማን ላይ እንደሚተኮስ አቅላጩም፣ ወናፍ ነፊውም፣ ጎታቹም ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት 160 ዓመታት የጦር መሣሪያ አሠራር ብዙ ተለውጧል። ከሁሉ ይልቅ የተለወጠው ግን ይህ ዕውቀት ይመስለኛል። ዛሬ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ለጦር ኃይሎች መሥራት አለባቸው ወይስ የለባቸውም የሚለው ክርክር ሲነሣ፣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ «ይሠሩ» እና «አይሠሩ» በሚሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍሎ ይቀርባል። የእኛ ታሪክ ግን ለሁለቱም አይመችም።

ዐድዋን እንውሰድ። በ1888 ዓ.ም. የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር በእጁ የያዘው ጠመንጃ፣ ያሰለፋቸውም የሆችኪስ ፈጣን ተኳሽ መድፎች የአውሮፓ ፋብሪካዎች ሥራ ነበሩ። በከፊል የተገዙት ከራሷ ከኢጣልያ በተገኘ ብድር ነው። አውሮፓውያን መንግሥታት በ1882 ዓ.ም. በብራስልስ ተሰብስበው ለአፍሪካ ጠመንጃ መሸጥን ሲገድቡ ምክንያታቸው የባሪያ ንግድን መዋጋት ነበር፤ መልካም ምክንያት ነው። ነገር ግን ገደቡ እንደተጻፈው በሁሉም በር ላይ ቢሠራ ኖሮ ምኒልክ በምን ይዋጉ ነበር?

ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ ገደቡ ሠራ። በ1935 (ከዚህ በኋላ የውጭውን ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ኢጣልያ በቀይ ባሕር በኩል ጦሯን ስታጓጉዝ ታላላቆቹ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። አሜሪካ በነሐሴ ወር ያወጣችው የገለልተኝነት ሕግም እንዲሁ ሁለቱንም እኩል ከለከለ። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ኢጣልያ ካፕሮኒ አውሮፕላኑን፣ አንሳልዶ ታንኩን፣ ፊያት ካሚዮኑን ከራሷ ፋብሪካ እያወጣች ስትዘምት፣ የጥይት ፋብሪካ ለሌላት አገር ገለልተኝነት ማለት ባዶ እጅ ማለት ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር ዘግይቶ በኢትዮጵያ ላይ ያለውን ክልከላ አነሣ፤ በኢጣልያ ላይም ማዕቀብ ጣለ። የኢጣልያን ካሚዮንና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ግን በማዕቀቡ አልተካተተም።

የሆነው ይታወቃል። ኢጣልያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ያጸደቀች አገር ነበረች። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ ሸለቆ የኢፔሪት ቦምብ ጣለች። ከእነዚህ ቦምቦች አንዱ 200 ኪሎ የሚበልጥ ፈሳሽ መርዝ ይይዝ ነበር። ኋላ በአውሮፕላን ላይ ማርከፍከፊያ ተገጠመ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ሲናገሩ ይህንን በቁጥር ነው ያስረዱት፤ አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት እየሆኑ ተከታትለው ሲያልፉ ጉሙ እንደ አንድ ሸማ ምድሩን ያለብስ እንደነበር። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ይህ መፈጸሙን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ከፋብሪካዎቹ ኃላፊዎች በኢትዮጵያ ላይ ስለተፈጸመው ለፍርድ የቀረበ የለም። ፊያት ኤንትሬ የተባለውን ካሚዮንና ሴይቸንቶ የተባለውን ትንሽ መኪና ይዞ ተመለሰ፤ እኛም ኤንትሬውን ጭነት አስጎተትነው፣ ሴይቸንቶውን ታክሲ አደረግነው።

ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ «ኩባንያ ለጦር አይሥራ» የሚለውን መፈክር ሲሰማ ቢያመነታ አይፈረድበትም። የሠሩልንም አሉ፣ የሠሩብንም አሉ፣ አንሠራም ብለው የጎዱንም አሉ።

ታዲያ ሚዛኑ የት ነው? በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ላይ እስከ ዛሬ ከተሰጡ ፍርዶች ሁሉ ጠቃሚው በመጋቢት 1946 ሐምቡርግ ላይ የተሰጠው ነው። የተከሰሱት ቴሽ እና ስታበኖ የተባለ የተባይ ማጥፊያ ድርጅት ባለቤት ብሩኖ ቴሽ፣ ምክትሉ ካርል ቫይንባኸር እና አንድ ቴክኒሺያን ነበሩ። ድርጅቱ የሚሸጠው ጺክሎን ቤ የሚባል መርዝ ነው። መርዙ ለመርከብ፣ ለመጋዘንና ለወታደር ልብስ ቅማል ማጥፊያነት ለዓመታት ሲያገለግል የኖረ ሕጋዊ ሸቀጥ ነበር። ያው መርዝ አውሽዊትዝ ላይ ሰው ተፈጀበት። የብሪታንያው ወታደራዊ ፍርድ ቤት በሦስት ነጥቦች ላይ እርግጠኛ መሆን ነበረበት፤ ሰዎች በዚህ ጋዝ ተገድለዋል ወይ፣ ጋዙን ያቀረበው ይህ ድርጅት ነው ወይ፣ ተከሳሾቹስ ለምን እንደሚውል ያውቁ ነበር ወይ። ሁለቱ ብዙ አላከራከሩም። ችሎቱን የያዘው ሦስተኛው ነው።

እዚህ ላይ የአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ምስክርነት ወሳኝ ሆነ። ሰውዬው በ1942 በድርጅቱ መዝገብ ቤት ውስጥ አለቃው ያጻፈውን የጉዞ ሪፖርት አይቷል፤ ሪፖርቱ ሰዎችን በጋዝ ስለመግደል የተደረገ ውይይት ይዟል። ማስታወሻ ያዘ፤ ማታ ለወዳጁ አሳየው፤ ወዳጁም ይህ ወረቀት ያስገድልሃል፣ አቃጥለው አለው። አቃጠለው። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ያነበበውን ለችሎቱ ተናገረ። ቴሽና ቫይንባኸር በስቅላት ተቀጡ። ቴክኒሺያኑ ሽያጩን የማስቆምም ሆነ የመለወጥ ሥልጣን ስላልነበረው ነጻ ወጣ።

የሐምቡርጉ ፍርድ ሸቀጡን አልኮነነም፤ ለጦር ሠራዊት መሸጥንም አልኮነነም። የኮነነው ማወቅንና ማስቆም መቻልን ነው። ይህ መለኪያ ቀላል ይመስላል፤ ዛሬ በተለይ በሶፍትዌር ዓለም ሊያመልጡት የሚሞክሩት ግን ይህንኑ ነው።

በመካከል ያለውን ዘመን ቶሎ ልለፈው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ዳው ኬሚካል ናፓልም ያመርት ነበር። ከሽያጩ 1 በመቶ እንኳ የማይሞላ ውል ቢሆንም ተማሪዎች የኩባንያውን ሠራተኛ መልማዮች ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ያባርሩ ጀመር። በጥቅምት 1967 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፖሊስ በዱላ ተማሪዎችን የበተነው በዚሁ ምክንያት ነው። የዳው መልስ መንግሥታችን ሲጠይቀን እንሠራለን የሚል ነበር። በ1969 ውሉን ሌላ ኩባንያ በዝቅተኛ ዋጋ ወሰደው። ናፓልሙ አልቆመም።

ከዳው ይልቅ የሚያስተምረው ፖላሮይድ ነው፤ ምንም እንኳ ጉዳዩ ከጦር ይልቅ ከፖሊስ መንግሥት ጋር የተያያዘ ቢሆን። በ1970 ካሮላይን ሀንተር የተባለች የኩባንያው ኬሚስት ከባልደረባዋ ከኬን ዊሊያምስ ጋር በመሥሪያ ቤታቸው አንድ የመታወቂያ ናሙና አየች። ካርዱ ላይ የደቡብ አፍሪካ የማዕድን መሥሪያ ቤት ስም ተጽፏል። ለካስ የጥቁሮችን እንቅስቃሴ ለሚቆጣጠረው የይለፍ ደብተር ፎቶ የሚነሣው እነሱ በሚሠሩት ፊልም ነው። በራሪ ወረቀት በተኑ፤ ሀንተር ከሥራ ተባረረች፤ ዘመቻውን ቀጠሉ። ኩባንያው ለአፓርታይድ መንግሥት አልሸጥም ካለ በኋላ እንኳ የደቡብ አፍሪካ ወኪሉ በስውር ይሸጥ እንደነበር በ1977 ተጋለጠ፤ ያኔ ጠቅልሎ ወጣ። ሰባት ዓመት ፈጀ ማለት ነው፤ መነሻው ግን አንዲት ሠራተኛ ካርዱን በዐይኗ ማየቷ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በሚያዝያ 2017 ፕሮጀክት ሜቨን የተባለ ሥራ ጀመረ። ችግሩ የቪዲዮ ብዛት ነው። ድሮኖች ቀን ከሌት የሚቀርጹትን ምስል ተንታኞች ዐይናቸው እስኪፈዝ ቢመለከቱም አይዘልቁትም። የታሰበው ኮምፒውተር ምስሉን አይቶ መኪናውን፣ ሕንጻውን፣ ሰዉን እንዲለይ ማሠልጠን ነው፤ በመጀመሪያው ዙር 38 ዓይነት ነገሮች ተመረጡ። ጎግል ሥራውን ያዘ፤ በይፋ ግን አልተናገረም። ኋላ የወጡ የውስጥ ኢሜይሎች እንደሚያሳዩት አንዲት ከፍተኛ ባለሙያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለውን ቃል ከዚህ ውል ጋር በምንም ዓይነት እንዳያነሡ ባልደረቦቿን አስጠንቅቃ ነበር። ኩባንያው ለሠራተኞቹ ውሉ አነስተኛ ነው ሲል፣ ኢሜይሎቹ በዓመት ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ሊያድግ ይችላል የሚል ተስፋ ያሳዩ ነበር።

ነገሩ በመጋቢት 2018 ሲወጣ ከ3,000 በላይ ሠራተኞች ጎግል በጦርነት ሥራ ውስጥ መግባት የለበትም የሚል ደብዳቤ ፈረሙ። ወደ ደርዘን የሚሆኑ ሥራቸውን ለቀቁ። በሰኔ ወር ኩባንያው ውሉን እንደማያድስ አስታወቀ፤ በዚያው ሰሞንም የጎግል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሱንዳር ፒቻይ ኩባንያው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለጦር መሣሪያ አያውልም የሚል መርህ አወጡ። በዚያው ጽሑፍ ላይ በሌሎች ዘርፎች ከሠራዊቱ ጋር መሥራታችንን እንቀጥላለን የሚል መስመር ነበረ፤ ያንን ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። ሜቨን ራሱ አልሞተም፤ ፓላንቲርና ሌሎች ኩባንያዎች ያዙት።

ያ ቃል ኪዳን ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በየካቲት 2025 ጎግል ስለ መሣሪያ የሚናገረውን ክፍል ከመርሁ አወጣው። የተሰጠው ምክንያት የዓለም ፉክክር ነው፤ በዚህ ዘርፍ ዴሞክራሲያዊ አገሮች መምራት አለባቸው የሚል። ምክንያቱ አዲስ አይደለም። የመድፍ ጥይት አካሄድን በሒሳብ ያጠናው ጣልያናዊው ኒኮሎ ታርታግሊያ በ1537 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ይህ ሰው የሚያስጨርስ ዕውቀት ነው ብሎ አፍሮ ጽሑፎቹን እንዳጠፋቸው ይናገራል፤ ቱርክ በክርስቲያኑ ዓለም ላይ ሲዘምት ግን ሐሳቡን ለውጦ አሳተመው። ቱርክ ሄዶ ቻይና ተተካ እንጂ መግቢያው ያው ነው። ታርታግሊያን አልነቅፈውም፤ ሱለይማን በእርግጥ እየመጣ ነበር። የምነቅፈው ራሱ ጽፎ ራሱ የሚሰርዘውን ቃል ኪዳን ለዓለም እንደ ዋስትና ያቀረበን ኩባንያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኩሬው ወንዝ ሆኗል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው ኦፕንኤአይ ለወታደራዊ አገልግሎት አይውልም የሚለውን ጥቅል ክልከላ በጥር 2024 አነሣ። በሰኔና በሐምሌ 2025 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለኦፕንኤአይ፣ ለጎግል፣ ለአንትሮፒክና ለኤክስኤአይ እያንዳንዳቸው እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ሰጠ። በዚያው ሰኔ ከፓላንቲር፣ ከሜታ፣ ከኦፕንኤአይና ከሌላ አንድ ኩባንያ የመጡ አራት ሰዎች የአሜሪካ ጦር ተጠባባቂ ሌተና ኮሎኔል ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

እኔን የሚያሳስበኝ ማዕረጉ አይደለም፤ ማዕረግ ቢያንስ ይታያል። የሚያሳስበኝ ክላውድ፣ ማለትም ደንበኞች መረጃቸውንና ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት የኩባንያዎች የኮምፒውተር መጋዘን ነው። በ2021 ጎግልና አማዞን ከእስራኤል መንግሥት ጋር ኒምበስ የተባለ የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ውል ተዋዋሉ። የእስራኤል የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች በወቅቱ እንዳስረዱት ውሉ ኩባንያዎቹ በሕዝብ ግፊት አገልግሎቱን እንዳያቋርጡ፣ ይህን መሥሪያ ቤት እናገለግላለን ያንን አናገለግልም እንዳይሉ ያስራቸዋል። የሐምቡርጉን ፍርድ ያስታውሱታል፤ ማወቅና ማስቆም መቻል። እዚህ ማስቆም አለመቻል በውል ተገዛ።

ማወቅስ? በነሐሴ 2025 ጋዜጠኞች የእስራኤሉ የስለላ ክፍል 8200 የፍልስጤማውያንን የስልክ ጥሪ በጅምላ ጠልፎ በማይክሮሶፍት ክላውድ ላይ እንደሚያከማች ጻፉ። በመስከረም ማይክሮሶፍት ለዚያ ክፍል የሚሰጠውን የተወሰነ አገልግሎት አቋረጠ። ያን ጊዜ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ብራድ ስሚዝ የደንበኞችን ይዘት ከፍተን አናይም፣ መረጃውን ያገኘነው ከጋዜጠኞቹ ነው ሲሉ አስረዱ። የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ ተገቢ ነው፤ የእኔና የእርስዎ ፎቶም እዚያ ነው ያለው። ግን ውጤቱን ተመልከቱት፤ ባለቤቱ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ጋዜጣ አንብቦ ነው። ለውጡን ያመጣው ግን መርህ ሳይሆን የወጣው መረጃና በተቃውሞ የኩባንያው ቢሮ ውስጥ የተቀመጡት ሠራተኞች ጩኸት መሆኑ አይካድም።

ከታች ያለው ሠራተኛ ደግሞ ጭራሽ አይነገረውም። ለሜቨን የሚሆነውን ምስል ለኮምፒውተሩ ለማስተማር ጎግል ፊገር ኤይት በሚባል ድርጅት በኩል ጥቂት የሚከፈላቸውን ጊዜያዊ ሠራተኞች ይጠቀም ነበር። ከላይ የተነሣ ፎቶ ይመጣላቸዋል፤ መኪናውን በሣጥን ክበብ፣ ዛፉን ለይ ይባላሉ፤ ቀጣዩ ይመጣል። ለምን እንደሚውል አይጻፍበትም። ዛሬ እንዲህ ያለው ምስል የመለየት ሥራ ናይሮቢና ካምፓላ በሚገኙ አዳራሾች ውስጥ የብዙ ወጣት እንጀራ ነው፤ የእኛም ልጆች አሉበት።

ድሮን ደግሞ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የገና ሰሞን ትግራይ ደደቢት በሚገኝ የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በተፈጸመ የድሮን ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከስፍራው የተነሡትን ስብርባሪዎች ፎቶ የመረመሩ ባለሙያዎች ሮኬትሳን የተባለው የቱርክ ኩባንያ የሚሠራው ኤምኤኤም-ኤል ቦምብ መሆኑን ለዩ። ይህን ቦምብ የሚሸከመው ባይራክታር ቲቢ2 ድሮን ይሠራበት የነበረው ሞተር ሮታክስ የሚባል፣ ለመዝናኛ ትንንሽ አውሮፕላኖች ተብሎ ኦስትሪያ ውስጥ የሚመረት ነው። አምራቹ በጥቅምት 2020 የካራባኽ ጦርነት ሲፋፋም ሞተሬ ድሮን ላይ መዋሉን በቅርቡ ነው የሰማሁት ብሎ አጠቃቀሙ ወዳልታወቀ አገር መላክ አቆመ። የካሜራውን የሽያጭ ፈቃድ ደግሞ ካናዳ በሚያዝያ 2021 ሰረዘች። ድሮኑ ቱርክ ሠራሽ ካሜራ ተገጥሞለት መብረሩን ቀጠለ። የድሮኑ አምራች የባይካር ኩባንያ ኃላፊ በ2022 ለሩሲያ አንሸጥም፣ ከዩክሬን ጋር ነን ብለዋል። መምረጥ አይቻልም የሚል ኩባንያ ካለ እንግዲህ ይህን ይስማ፤ ሲፈልጉ ይመርጣሉ።

ለዚህ ነው ክርክሩን ከ«ይሥሩ አይሥሩ» አውጥቼ ወደ ውሉ ገጽ ማምጣት የምፈልገው። የመጨረሻ ተጠቃሚው ስም ያልተጻፈበት፣ አቅራቢው ማቋረጥ የማይችልበት፣ ሠራተኛው የማይነገረው ውል ከየትኛውም ሠራዊት ጋር ቢፈረም ነውር ነው፤ ከራሳችን ሠራዊት ጋር ቢፈረምም። ስሙ የተጻፈበት፣ በሕግ የሚመረመር፣ ሠራተኛው አውቆ የገባበት ውል ደግሞ ለጦር ስለሆነ ብቻ አይወገዝም። ይህን የሚጽፍ ሕግ የማውጣት ኃላፊነት የፓርላማዎች ነው፤ ለኩባንያ ድረ ገጽ የሚተው አይደለም።

ሲያትል፣ ሰሜን ካሊፎርኒያ ወይም አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ኮድ የምትጽፉ፣ ምስል የምትለዩ ወንድሞችና እኅቶች፦ ሥራውን ከመፈረማችሁ በፊት ደንበኛው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የሐምቡርጉ የሒሳብ ሠራተኛ እንዳደረገው አታቃጥሉት፤ አስቀምጡት።